ጉደር በቀኝ በኩል

እህቴ ግራና ቀኟን አታውቅም ነበር። ልሰድባት ብዬ አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። ጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ ድልድይ በድልድይ ትነግራችኋለች፤ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነሳ ሰሌዳ ላይ በቀስት ትስላለች። ባጃጅ ውስጥ ሆና ግን «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ማለት ሲኖርባት እጇን በመጋረጃው አውጥታ «በዚህ» ትላለች። ካልሆነም የቀጣዩን ከተማ ስም ጠርታ «ወደ ጉደር በኩል» ትላለች። ባለባጃጆቹ የአገር ልጆች ስለሆኑ ይገባቸዋል። እዚህ አምቦ ከተማ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንደዚያው ነን፤ ሱቅ ስንጠቁም «ከባንኩ ወደ ጊንጪ አለፍ ብሎ» እንላለን። ልዩነቱ እኛ ሲቸግረን ግራና ቀኝ የሚባል መጠባበቂያ አለን። እሷ መጠባበቂያ የላትም።

ይህ ጉዳይ ዕድሜዋን ሙሉ ማንንም ሳይጎዳ ኖረ። መጉዳት የጀመረው የማስተርስ መግቢያ ፈተና የሚባለው ሲመጣ ነው።

ያን ዓመት ከምታስተምርበት የጊንጪ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ደመወዙ ሳይቋረጥ ሄዶ እንዲማር ተፈቀደ፤ ተራው የእሷ ነበር። ፈተናውን ካለፈች ትሄዳለች። ካላለፈች ዕድሉ ከእሷ ቀጥሎ ላለው ይተላለፋል፤ የእሷ ተራ ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ቋንቋውንም ሒሳቡንም አሳምራ ትሠራለች። የሚጥላት የቅርጽ ጥያቄ ነው። ሳጥን ይሳላል፤ በአንዱ ገጹ ላይ ነጥብ አለ። «ሳጥኑ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አንዴ ወደ ፊት ቢንከባለል ነጥቡ የት ይሆናል?» ይባላል። ወይም ወረቀት ከቀኝ ወደ ግራ ይታጠፍና ይበሳል፤ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚውሉ ምረጪ ይባላል። አምና፣ ተራዋ ሳይደርስ በግሏ ተፈትና ለማለፍ ጥቂት ጎድሏት ነበር። ያን ጥቂት የበላው ይህ ሳጥን ነው።

ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ አቋርጬ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ በቀን አንድ ግጥም ጽፌ ሁለት ቀድጄ እጥላለሁ፣ የቀረውን ሰዓት ከተማውን ላይ ታች እላለሁ። በሌላ ነገር የምመካበት ባይኖረኝም ቅርጽ ማገላበጥ ለእኔ እንደ መተንፈስ ነው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን ለሁለት አንድ መጽሐፍ ነበረን። እሷ ታላቅ ስለሆነች መጽሐፉ ወደ እሷ ዞሮ ይቀመጣል፤ እኔ ከፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ተገልብጦ አነበዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በግልባጩ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ወረቀት ላይ የሚጽፈውን ሳላስበው አነባለሁ። ጥሩ ጥሩ ስንኞችን ከዚያ አግኝቻለሁ።

ቅዳሜና እሑድ ከጊንጪ ስትመጣ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። እሷ የለመደችውን ወንበር ትይዛለች፤ ፊቷ ከጎረቤት ቆርቆሮ በላይ ወደሚታዩት የወንጪ ተራሮች ነው። እኔ እንደ ልጅነታችን ከፊት ለፊቷ። ጠቡ የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

«ወደ ቀኝ አንከባልዪው አልኩሽ እኮ።»

«አንከባለልኩት።»

«ወደ ግራ ነው ያንከባለልሽው፣ እታለም።»

«በአንቺ በኩል ነዋ።»

«በእኔ በኩልማ ቀኝ ነው። በአንቺ በኩል ነው ግራ የሆነው።»

«ታዲያ ቀኝ ከሆነ ምን አጣላን?»

ሳጥኑን መጀመሪያ በካርቶን ሠራነው፤ ወዲያው ተጨፈለቀ። ድንች በአራት ማዕዘን ጠረብን፤ ጠቆረ፣ ከዚያም ማንም ሊነካው የማይፈልግ ነገር ሆነ። በመጨረሻ ረጅሙን የልብስ ሳሙና በቢላዋ እኩል እኩል ቆራርጠን፣ በአንዱ ገጽ ላይ በሚስማር ነጥብ ወጋንበት። ይህ ሰመረ። ሳሙና ይጨበጣል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ ሲሳሳቱበት እጅ ላይ ጥሩ ሽታ ይተዋል። ችግሩ እናታችን ናት። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ የእህቴን ነጥብ ከነገጹ አንሶላ አጥባበት አገኘናት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ፈተና ነው» አለቻት እህቴ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሳሙና ነው» አለች እናቴ፣ አረፋውን ከክንዷ እየጠረገች። «ፈተና ከሆነ ፈተና ብላችሁ ጻፉበት።»

ጻፍንበት። ስድስቱም ገጽ ላይ።

ሦስተኛ ሰው የመጣው በዚህ መሐል ነው። የእህቴ ባልደረባ ነው፤ ሒሳብ ያስተምራል፣ ከወሎ ተመድቦ መጥቶ ጊንጪ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ በረንዳችን ላይ ሲቆም በርበሬ የሚሰጣበት ገመድ አንገቱ ጋ ይደርሳል። እሱም ያንኑ ፈተና ሊፈተን ተመዝግቧል። ከእህቴ ቀጥሎ ተራው የማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የእሱ ነው። እሷ ከወደቀች የሚሄደው እሱ ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፣ እናቴም ታውቃለች፤ ለዚህም ነው በመጀመሪያው እሑድ ሽሮውን ስታቀርብለት ትንሽ አሳንሳ የጨለፈችለት። ሲያስረዳ ካየችው በኋላ ግን ሳህኑ እየሞላ ሄደ። ደግ አስረጂ ነበር፤ ምላሱ ብቻ አያርፍም።

«ቲቸር» አላት፣ ሳሙናውን በተሳሳተ አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ስታንከባልል ካየ በኋላ፣ «ጂኦግራፊ እያስተማርሽ ግራና ቀኝ አታውቂም?»

«ካርታ ላይ ግራ የሚባል ቦታ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው። «ምዕራብ ነው ያለው።»

ሐሳቡ የመጣልኝ በዚህች መልስ ነው። ምዕራብ ካለ ምዕራብ እንበል። በረንዳው ላይ ከወንበሯ ስትታይ ጊንጪ በግራዋ ናት፣ ጉደር በቀኟ፣ ወንጪ በፊቷ። በጀርባዋ በኩል የምትጠራ ከተማ ቶሎ ስላልመጣልን ጓሮ አልነው። ላዩ ሰማይ፣ ታቹ ምድር። ጥያቄው «ወደ ቀኝ» ሲል «ወደ ጉደር» ብላ ታነበዋለች፤ «ወደ ፊት» ሲል «ወደ ወንጪ»።

እህቴ በአንድ ከሰዓት ተለወጠች። ነጥቡ መንገደኛ ሆነ። ሳሙናውን መንካት እንኳ ቀረ፤ ዓይኗን ጨፍና ትጠራው ጀመር።

«ከሰማይ ተነሳ፤ ጉደር ወረደ። ሳጥኑ ወደ ወንጪ ተንከባለለ፤ ነጥቡ ግን ጉደር እንዳለ ነው።»

«ጉደር ምን ይሠራል?» አላት የሒሳብ አስተማሪው።

«ሽንኩርት ይገዛል። ቀጥል።»

«እንደገና ወደ ጉደር።»

«ምድር ገባ። ቀጥል።»

«ወደ ጓሮ።»

ትንሽ አሰበች። «ወንጪ ወጣ» አለች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። ሳሙናውን አንከባልለን አየነው። ወንጪ ነው። የሒሳብ አስተማሪው ገመዱን ከአንገቱ አላቆ ቁጭ አለ። እኔ እስክሪብቶዬን ወርውሬ መሬት ላይ ተንጋለልኩ፤ ስስቅ ሆዴን አመመኝ። ወረቀት ማጠፉንም በዚያው መንገድ ያዘችው፤ የጉደሩን ጠርዝ ወደ ጊንጪ ታጥፋለች፣ ትበሳለች፣ ትዘረጋለች፣ ቀዳዳዋን ታገኛለች። ከዚያ ወዲህ ባሉት እሑዶች አንድም አልሳተችም። እናቴ ሳህን ስታነሳ «ዛሬ ነጥቡ የት አደረ?» ብላ መጠየቅ ለመደች።

ፈተናው በኮምፒውተር እንደሆነ ስለምናውቅ የሒሳብ አስተማሪው ጥያቄዎችን አሰባስቦ ፍላሽ ላይ ጫነና ኢንተርኔት ቤት ይዞን ሄደ። መለማመጃ ነው፤ ስክሪኑን እንድትለምደው ብቻ። ጥግ ላይ ያለችውን ኮምፒውተር ሰጧት፣ ተቀመጠች፣ እየሳቀች ጀመረች፣ እየሳቀች ጨረሰች። የቋንቋውና የሒሳቡ ውጤት ደህና ነው። የቅርጹ ላይ አንድም አላገኘችም።

እንደገና አረምን። አንድም።

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። እህቴ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ከፊታችን ትሄዳለች፤ ፈተናው ቀርቧል፣ እንዲህ ከሆነ አለቀ ማለት ነው። የሒሳብ አስተማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የማይሆን ነገር ነው» አለኝ። «ዓይኑን ጨፍኖ የሚሞላ ሰው እንኳ ጥቂት ያገኛል። ሁሉንም ለመሳት ሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል።»

ቆምኩ። ልክ ነው። እህቴ አልገመተችም፤ አስተካክላ የሳተችው ነገር አለ። ኢንተርኔት ቤቱን በሐሳቤ ዞርኩት፤ በሩን፣ የኮፒ ማሽኑን፣ ጥጉን። ከዚያ ሮጬ ክንዷን ያዝኳት።

«እታለም፣ አሁን እንደገና እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሻል እንበል። ጉደር ወዴት ነው?»

ሳታመነታ ግራ እጇን ዘረጋች።

ኮምፒውተሯ የተቀመጠችው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ነው። ወንጪ ጀርባዋ ላይ ነበረች፣ ጓሮ ፊቷ ላይ። «ወደ ቀኝ» የሚል ስታነብ «ጉደር» ትላለች፤ ጉደር ደግሞ በእውነት በግራዋ ስለሆነች ሳጥኑን ወደ ግራ ትልከዋለች። «ወደ ፊት» ሲላት ወንጪ ብላ ወደ ኋላዋ ታንከባልላለች። ሁሉንም በትክክል ሠርታ ሁሉንም ገለበጠችው። ሌላ ሰው ቢሆን ስክሪን ላይ ያለች ጉደርና እውነተኛዋ ጉደር ይለያዩበት ነበር። ለእህቴ ጉደር አንድ ናት፤ ያለችውም ያለችበት ነው።

ይህን ስነግራት አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና «በፈተናውስ ቀን ወዴት አዙረው ያስቀምጡኛል?» አለች።

በበነጋው ሦስታችንም ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነበርን። ጥበቃው ካፖርት የደረቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። እህቴ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው፣ የቤተሰብ ደኅንነት ጠየቀች፣ ከብቱም ደህና መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወደ ጉዳያችን ገባን።

«ኦቦ፣ የፈተናው ክፍል ኮምፒውተሮች ወዴት ነው የሚያዩት?»

«ኮምፒውተር ሰው ነው የሚያየው።»

«ማለቴ፣ የተቀመጠው ሰው ፊቱ ወዴት ይዞራል? ወደ ጉደር ነው ወደ ጊንጪ?»

አንዴ እሷን አዩ፣ አንዴ እኔን፣ ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሒሳብ አስተማሪውን። «እናንተ ልትፈተኑ ነው ልትሳፈሩ?»

«ልንፈተን ነው።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን እዩ። ጉደርን ማን ይወስድባችኋል?» አሉና ዱላቸውን ወደ ሌላው ጉልበት አዛወሩ። በኋላ ግን አዘኑልን። ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ ፊትና ጀርባ ሆነው በየረድፉ እንደተደረደሩ፣ ግማሹ ሰው ከግማሹ ሰው ጋር ፊት ለፊት እንደሚተያይ፣ የሚያስቀምጡትም ፈታኞቹ እንደሆኑ ነገሩን። እንግዲህ ዕጣ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እህቴን ማደናገር ሥራችን ሆነ። የሒሳብ አስተማሪው ጊንጪ ላይ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ወንበሯን እያዞረ ይጠይቃታል። የባሰ ሆነ። ጊንጪ ውስጥ ሆና ጊንጪ ወዴት ነች? ከእግሯ ሥር ናት። አምቦም ጉደርም በአንድ በኩል ተደርበው ገቡ፤ ሳጥኑ ወደ ግራ መሄጃ አጣ። ግራና ቀኝን ለማስለመድም ተሞከረ። በቀኝ እጇ አንጓ ላይ ቀይ ክር አሰርኩላት፤ ክሩን ታይና «ቀይ ነው» ትላለች፣ ከዚያ ጉደርን ፍለጋ አንገቷ ይዞራል።

ወንጪ ሐይቅ እንሂድ ያለው የሒሳብ አስተማሪው ነው። «አቅጣጫ የሌለበት ቦታ ያስፈልጋታል» አለ።

«አቅጣጫ የሌለበት ቦታ የለም» አለችው ጂኦግራፊ አስተማሪዋ።

«ውሃ ላይስ?»

ቅዳሜ ሄድን። ከመኪና ወርደን ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን ቁልቁለት በፈረስ ያዝነው፤ የእሱ እግር መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ በየመታጠፊያው እህቴ ከፈረሱ ላይ ሆና «አሁን ጊንጪ እዚያ ነው፣ አሁን እዚህ ነው» ትላለች። አንዴም አልጠፋትም። ፈረሱን የሚስበው ሰው «ጊንጪ ዘመድ አላት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጀልባ ላይ ስንወጣ የሒሳብ አስተማሪው ካልቀዘፍኩ አለ። ወሎ ውስጥ ሐይቅ አጠገብ እንዳደገ ነገረን። ባለጀልባው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ መቅዘፊያውን አቀበለውና ራሱ እጁን አጣምሮ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሐይቅ አጠገብ ማደግና መቅዘፍ አንድ እንዳልሆኑ ያወቅነው ወዲያው ነው። በአንድ ወገን ብቻ ይቀዝፋል፤ ጀልባው ባለበት ይዞራል። እየሳትን ነው ብሎ የበለጠ ይቀዝፋል፤ ጀልባው የበለጠ ይዞራል። ደሴቷ በፊታችን አለፈች፣ ገደሉ አለፈ፣ የወረድንበት መንገድ አለፈ፣ ደሴቷ ተመልሳ መጣች።

«ቲቸር፣ ሳጥኑን ወደ ቀኝ!» አለ፣ እየቀዘፈ።

እህቴ ሳሙናውን በመዳፏ ይዛ ጉደርን ፈለገች። ስታገኛት ጉደር አለፈች። እንደገና አገኘቻት፣ እንደገና ሸሸች። አንገቷ ከጀልባው ጋር መዞር አቃተው። መሳቅ ጀመረች፤ ባለጀልባውም ሳቀ፤ እኔ የጀልባውን ጠርዝ ይዤ እንባዬ ይወርዳል። በመሐል ሳሙናው ከእጇ አመለጠ። «ፈተና» የሚለው ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ ትንሽ ታየ፣ ከዚያ ውሃው ዋጠው።

«ዓሣዎቹ ይታጠቡ» አለ ባለጀልባው።

«ወደ ቀኝ ብያለሁ» አለ የሒሳብ አስተማሪው። ላብ አጥምቆታል፣ መቅዘፉን ግን አልተወም።

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። የዞረባት መስሎኝ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች፤ አውራ ጣቷና ሁለት ጣቶቿ ተቆንጥጠው ምንም በሌለበት ቀጭን ነገር ይዘዋል። ግራ እጇ ደግሞ ከጎኗ እንደተንጠለጠለ አንድ ወፍራም ነገር የጨበጠ ይመስላል።

«ወደ ጠመኔ» አለች። «ነጥቡ ወደ ጠመኔ ወረደ።»

«እሺ፣ አሁን ወደ ግራ፣ ሁለት ጊዜ።»

«ወደ ዳስተር። መጀመሪያ ሰማይ ተመለሰ፣ ከዚያ ዳስተር ላይ ወረደ።»

መቅዘፉን ተወ። ጀልባው በራሱ ትንሽ ዞረና ቆመ። እሷ ዓይኗን ስትገልጥ ከፊቷ ያለው ገደል ይሁን ደሴት ግድ አልሰጣትም።

ስንወጣ አስረዳችን፤ እንዲያውም እኛን ማስረዳት ስትጀምር ነው ራሷም በደንብ የገባት። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ትዞራለች። ወደ ሰሌዳው ትዞራለች፣ ወደ ተማሪዎቹ ትዞራለች፣ መስኮቱ አንዴ በዚህ ነው አንዴ በዚያ። ጠመኔው ግን ከዚያ እጇ ወጥቶ አያውቅም። ዳስተሩም ከዚህኛው። እጇ ያውቅ ነበር፤ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም እንጂ። እኔ ያን ሁሉ ከተማ ለምን አስቸገርኩ?

በማግስቱ እዚያው ኢንተርኔት ቤት፣ እዚያው ጥግ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥናት። አንድ ብቻ ሳተች፤ እሱንም ጥያቄው ነው የተበላሸው ብላ ተከራከረች።

የፈተናው ቀን እኔ በር ላይ ቀረሁ። እነሱ ሁለቱ ገቡ። ጥበቃው አስታወሱኝ፤ «ተሳፈሩ?» አሉኝ። የተቀመጥኩበት ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ ተነሳሁ፣ ተመላለስኩ፣ አንድ ግጥም ጀመርኩ፣ በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ተውኩት። እህቴ እንደ አምና ፊቷ ጠቁሮ ስትወጣ እያየሁ ነበር በሐሳቤ። የሒሳብ አስተማሪውም መልካምነት ይታየኝ ነበርና ይህም አሳፈረኝ፤ ለአንዱ ስመኝ ሌላውን እየነፈግሁት ነው። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሰው መውጣት ጀመረ።

እየተጨቃጨቁ ነው የወጡት። ከሩቅ ድምፃቸው ይሰማል። እኔ «እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቅ የሰማኝ የለም።

«ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ፊት» ትለዋለች። «ሰማያዊው ገጽ ከላይ ነበር የተነሳው። ወደ እኔ ነው የሚያየው በመጨረሻ።»

«ወደ ፊት ነው የሚያየው። እዚያ ማዶ» ይላታል።

«ወደ እኔ።»

«ሒሳብ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«እኔም ቁጭ ብዬ አላየሁህም መሰለህ፣ ስትቀዝፍ?»

ፊቷ ወዴት ዞሮ እንደተቀመጠች ጠየቅኋት። አሰበች፣ ወደ ሕንፃው ዞራ ተመለከተች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንጃ» አለች። እንጃ ስትል ስሰማት ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የፈለጉትን ቦታ ጠይቀዋት እንጃ ብላ አታውቅም። ያን ጊዜ ተስፋ አደረግሁ።

ውጤቱ የወጣው እሑድ ቀን ነው። የስልኩ ኔትወርክ አልከፍት ስላለ ኢንተርኔት ቤት ሮጥን። ገጹ ከላይ ወደ ታች በቀስታ እየተገለጠ መጣ፤ መጀመሪያ የድርጅቱ ምልክት፣ ከዚያ የእህቴ ስም፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ባዶ ነጭ። የሒሳብ አስተማሪው ከኋላዋ ቆሟል፤ ጣቱ የወንበሯን መደገፊያ አጥብቆ ይዞታል። አልፋለች። የእሱን ስንከፍት እሱም አልፏል። «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። «እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ፤ ደግሞ ቶሎ ጨርሰሽ ነይ።» ሲናገር ፊቱን አየሁት፤ የምሩን ነበር።

የሚያናድደው ነገር፣ ውጤቱ በጠቅላላ ነው የተጻፈው። የቋንቋው ይህን ያህል፣ የቅርጹ ይህን ያህል ብሎ አይለይም። ሳጥኖቹን አግኝታቸው ይሁን ወይስ ቋንቋውና ሒሳቡ ተሸክመዋት ያለፈችው፣ ማወቂያ የለንም። እህቴ ሁሉንም እንዳገኘች ትምላለች። እሱ ቢያንስ የመጨረሻዋን ስተሻል ይላታል። ከኢንተርኔት ቤት እስከ መናኸሪያ በዚህ ሄድን። እናቴ ደውላ ስትሰማ በስልኩ ውስጥ እልል አለች፤ እህቴ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ይዛ ክርክሯን ቀጠለች።

ጊንጪ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ሁለቱም ገብተው ከመጨረሻው በፊት ያለው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ከውጭ መስኮቱ ላይ ተደግፌያለሁ። ከፊታቸው፣ መተላለፊያው ላይ፣ አንዲት ሴትዮ በገመድ የታሰረ ካርቶን አስቀምጠዋል። የሒሳብ አስተማሪው ካርቶኑን አየው፤ ዓይኑ በራ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ያዘው።

«ይኸው፣ ላዩ ሰማያዊ ነው እንበል» አለ። «አንዴ ወደ ቀኝ —»

«ማሎ፣ እባክህ፣ አታንከባልለው» አሉ ሴትዮዋ። «ዶሮ ነው ያለበት።»

ካርቶኑን ቀስ ብሎ መለሰው። ከውስጥ ቅሬታ ተሰማ። ወያላው በሩን ዘግቶ ጣሪያውን መታ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ እህቴ በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ ዞራ ቀኝ መዳፏን ከፈተች፣ ወደ ጎን ገለበጠችው፣ ወደ ታች ገለበጠችው፣ ከዚያም ወደ ራሷ ፊት አዙራ እንደ መስታወት ያዘችው። ከጎኗ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እየራቁ ሲሄዱ ከንፈሯን አነበብኩት፤ ወደ እኔ ነው፣ ትለኛለች፣ ወደ እኔ ነው።